ኅዳግ ላይ የተጻፈ ፍርድ

አጋሮ ውስጥ መጽሐፍ አከራይ እንደነበርኩ የሚያውቅ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ሳንሱር ነው። ካድሬ መጥቶ ሳጥንሽን በርብሮ ያውቃል? የትኛውን መጽሐፍ ደበቅሽ? ታሪኩ እንደዚያ ቢሆን ለማውራትም ይጥም ነበር። መንግሥት መጽሐፍ መከልከሉ እውነት ነው፤ እደርስበታለሁ። ነገር ግን ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ፣ መጀመሪያ አጋሮ ኋላም ጅማ፣ በዚህ ሥራ ላይ ስኖር አንባቢን እንደ አንባቢ ያሳቀቀ አላየሁም። መጽሐፉን የሚጠላው ሰው ቢሆን ባልገረመኝ። ሌላውን “እንዴት ለእሷ ታዝኛለሽ?” ብሎ የሚያፋጥጠው ግን መጽሐፉን አጥብቆ የሚወደው፣ ደጋግሞ የተከራየው፣ የገጸ ባሕርያቱን ስም እንደ ዘመዶቹ ስም የሚጠራው ነው።

ሼኹና ቄሱ በዚህ የሉበትም። ስለ ጅማና ስለ አካባቢዋ የቡና ከተሞች ጨዋነት ሲወራ ጣት የሚቀሰረው ወደ እነሱ ስለሆነ ቀድሜ ልናገር ብዬ ነው። የሰፈራችን ሼኽም ሆኑ የደብሩ ቄስ ልብ ወለድ አያነቡም። ያላነበቡት ነገር ደግሞ አያስቆጣቸውም። ሲቆጣ የማየው ያነበበውን ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው የተጀመረው። አባቴ የገበሬዎች አገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር የቡና መዛኝ ነበር። ወደ መንገድ የምትከፈተው ክፍላችን ጆንያ ይደረደርባታል፤ ከጆንያው በላይ ወንድሜ ሳንቃ መትቶ መጻሕፍቱን ደረደርን። መጻሕፍቱ ሁሉ ጀንፈል ጀንፈል ይሸቱ ነበር። ኪራዩ ለአንድ ሌሊት ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ማስያዣ ደግሞ መታወቂያ ወይም ሰዓት። ከሐምሌ እስከ መስከረም የአጋሮ ኪስ ባዶ ነው። ዝናቡ ሰውን ቤት ያስቀምጠዋል፣ ቤት የተቀመጠ ሰው ማንበብ ያምረዋል፣ ሳንቲም ግን የለውም። ስለዚህ በዱቤ እሰጣለሁ፤ ዱቤው የሚከፈለው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ቀይ ቡና ተለቅሞ እጅ ገንዘብ ሲያይ ነው። በዚያ ወቅት ትምህርት ቤቱ ግማሹ ይራቆታል፤ ተማሪው ሁሉ ለቀማ ላይ ነውና።

እንግዲህ ዱቤ ካለ ደብተር አለ። ደብተር ካለ ደግሞ ማን ምን እንዳነበበ ተጽፏል። ይህ ነገር ምን እንደሚያመጣ ስጀምር አላሰብኩትም። አንድ ቀን አንድ ወጣት መጥቶ “እትዬ፣ እኅቴ የወሰደችውን ላይ ብዬ ነው” አለኝ። የሚከፍልላት መስሎኝ ደብተሩን ዘረጋሁለት። እሱ ግን የገንዘቡን ዓምድ አላየም፤ የመጽሐፉን ስም ዓምድ በጣቱ እየተከተለ ወረደ። ከዚያ ወዲያ እጮኛ የእጮኛውን፣ ጓደኛ የጓደኛውን ሊያይ የሚመጣ በዛ። እኔም ለመጻሕፍቱ ቁጥር ሰጥቼ በስም ፈንታ ቁጥር መጻፍ ጀመርኩ፤ ሽፋናቸውንም በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ለበጥኩት። ሰው ሁሉ እንዳይቀደድ ብላ ነው ይል ነበር። ይበል።

እነዚህን ሰዎች ክፉ ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን ከየት እንደመጣባቸው ሳስበው አንባቢያችን ፍርድን የለመደው ከልብ ወለዱ ጋር አብሮ ይመስለኛል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ሲያሳትም፣ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1915 “ወዳጄ ልቤ”ን ሲያወጡ፣ ታሪክ የሚነገረው ለምክር ነበር። ክፉ ይወድቃል፣ ደግ ይነሳል፤ አንባቢውም ምክሩን ይዞ ይሄዳል። ትምህርት ቤት ስንገባ ይኸው ነገር ጥያቄ ሆኖ ጠበቀን። የአማርኛ ፈተና ላይ “ከታሪኩ ምን ትማራለህ?” የማትል ወረቀት አልነበረችም። “ታሪኩ ደስ ብሎኛል” ብለህ ብትመልስ ዜሮ ነው። በዚህ ጥያቄ ያደገ ሰው ትልቅ ሆኖ አንዲት ልጅ ለደስታዋ ብቻ ስታነብ ቢያይ እንደ ስርቆት ቢቆጥረው ምን ይገርማል?

“ፍቅር እስከ መቃብር” ነገሩን አወሳሰበው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ሲያሳትሙት እኔ አልተወለድኩም፤ የደረሰኝ በውጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። “ከመጻሕፍት ዓለም” በሚለው ፕሮግራም በሬዲዮ ሲተረክ ጎረቤት ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰባል፤ ባትሪ ያለው ሬዲዮ የእኛ ነበርና። ሴቶቹ ገበታ ላይ ቡና እየለቀሙ፣ ጥቁሩንና የተነቀዘውን ወደ ዳር እያስቀመጡ ያዳምጣሉ። አማርኛው ለማይገባቸው አንዷ በኦሮምኛ ትተረጉምላቸዋለች። ይህች ተርጓሚ ጎረቤታችን ለሥነ ምግባር የምትጨነቅ ሴት ነበረች፤ ስትተረጉም ታስተካክል ነበር። በእሷ ትረካ የመጽሐፉ ፍቅረኞች ሰብለ ወንጌልና በዛብህ ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሽ ተቆጥሮ ነው የተዋደዱት። ውጋየሁ በአማርኛ የሞት ድግስ ሲደግስ በኦሮምኛው ወገን ገና ሰርግ ላይ ነን። መጨረሻው ሲደርስ ለምን ሁሉም እንደሞቱ ማስረዳት አቃታትና “በሽታ ገባ” ብላ ዘጋችው።

ትረካው ሲያበቃ ክርክር ይነሳል፤ የክርክሩ ሥር ስለቱ ነበር። በዛብህን ወላጆቹ እንዲያድግላቸው ሲሉ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውበታል፤ እሱ ደግሞ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ወደደ። ስለት በእኛ አገር ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ቀልድ አይደለም። የተሳለ ሳያደርስ ቢቀር ነገሩ በልጅ ይመጣል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ ትልልቆቹ “ስለቱን ነው የበላው፤ ሞት ይገባዋል” አሉ። እኛ ልጆቹ “ያልተጠየቀ ልጅ እንዴት በሰው ስለት ይታሰራል?” አልን። ክርክሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። እኔ ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ቤት መጥፋቷ ልክ ነው ስል ግን እናቴ የያዘችውን ገበታ አስቀምጣ “አንቺም ልትሄጂ አስበሻል?” አለችኝ። ጠለፋውም መጥፋቱም የሰፈሩ የዕለት ወሬ በነበረበት አገር ይህ ጥያቄ ከምር ነው። ያን ቀን ነው ለገጸ ባሕርይ የምትሰጪው ድምፅ በራስሽ ላይ እንደሚቆጠር የገባኝ። በነገራችን ላይ እኔ በዛብህን ያን ያህል አልወደውም፤ ያለቅሳል።

አብዮቱ ደግሞ ሌላ ሚዛን ይዞ መጣ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሐምሌ 1971 ከተጀመረ ወዲህ በየገጠሩ የንባብ ቤት ተከፍቶ ነበር፤ በከተማው የወጣቶች ማኅበር የውይይት ክበብ ነበረው። እኔም ትንሽ ከፍ ስል እዚያ ገባሁ። እዚህ ያው መጽሐፍ ሲነበብ ስለ ስለት የሚያወራ የለም፤ ፍርዱ በመደብ ነው። ጉዱ ካሣ ተራማጅ ሆኖ ጸደቀ፣ ገበሬዎቹን ያሳመፀው አበጀ በለው ጀግና ተባለ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ጠላት ነው። እኔን የሚያስቀኝ ደግሞ ፊታውራሪው ነበር፤ ያ ሁሉ ኩራት፣ ያ ሁሉ ፉከራ! አንድ ቀን ሲነበብ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ብፈነዳ የክበቡ መሪ መጽሐፉን ከድኖ “ጓድ፣ ለፊውዳል ነው እንዴ የምትስቂው?” አለኝ። ለእሱ ሳይሆን በእሱ ነው የምስቀው ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ። ሐዲስ ያን ሰውዬ ያስቅ ብለው እንደጻፉት፣ አስቂኝነቱም የትችታቸው ግማሽ እንደሆነ ማን ይንገረው? ስለት አፍራሹ በዛብህ እዚያ ሲኮነን፣ ለፊውዳል የሳቀችው እኔ እዚህ ተኮነንኩ። መጽሐፉ አንድ፣ የጥፋተኛው ዓይነት ግን እንደ ወንበሩ ይለያያል።

አሁን ሳንሱሩ። በዓሉ ግርማ የእኛ አካባቢ ሰው ነው ማለት ይቻላል፤ ኢሉባቦር ሱጴ ነው የተወለደው፣ በእኛ መንገድ በበደሌና በመቱ በኩል ቢሄዱ ይደረሳል። “ኦሮማይ” በ1975 በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። እሱም ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ በ1974ቱ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ስለ ኤርትራ የተደረገውን ይዞ ነበር የመጣው፤ መንግሥትን ያስቆጣውም ያ ነው። ለእኔ አንድ ቅጂ የደረሰኝ ሽፋኑ ወልቆ፣ መጀመሪያዎቹ ቅጠሎች በመርፌና በክር ተሰፍተው ነው። ይህችን ሳንቃው ላይ አላስቀመጥኳትም፤ ቁጥርም አልሰጠኋትም።

በሕይወቱ ከፍሎ የጻፈውን ሰው መጽሐፍ በድብቅ ተቀብለው የሚያነቡት ሰዎች በምን የተጣሉ ይመስላችኋል? በፊያሜታ። ጋዜጠኛው ጸጋዬ አዲስ አበባ ላይ ሮማን የምትባል እጮኛ አለችው፤ አስመራ ሲሄድ ፊያሜታ ጊላይን ይወዳል። ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ባለሥልጣናቱ፣ ስለ ደራሲው ዕጣ መነጋገር ያስፈራል፤ ስለዚህ ንዴቱ ሁሉ በአንዲት ሴት ላይ ወረደ። ከፊያሜታ ጋር የቆመ “የቤት አፍራሽ” ሆነ። አንዲት መምህርት፣ በጣም የማከብራት፣ ፊያሜታን እንደምወድ ብነግራት ለወራት ሰላምታ ነሳችኝ።

ያ ቅጂ ኅዳጉ ሁሉ የተጻፈበት ነበር። አንባቢዎቼ ብዕር ሳይዙ አያነቡም። አንዱን ገጽ እስከ ዛሬ እንደ ጸሎት በቃሌ እወጣዋለሁ። ጸጋዬና ፊያሜታ ከሚገናኙበት አጠገብ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በተጫነ እጅ “እጮኛው እየጠበቀችው! ይቺን የመሰለች ባለጌ!” የሚል አለ። ከሥሩ በቀይ “አንተ ራስህ ማን ነህና?” ተብሎበታል። ሰማያዊው መጽሐፉን ደግሞ ተከራይቷል ማለት ነው፣ ምክንያቱም ቀስት ስቦ “የምትጠብቃት እናት ያላት ሴት እንዲህ አታደርግም” ብሎ መልሷል። ቀዩ “አንተንም እናትህ ትጠብቅህ” ይላል። ቦታው ሲያልቅ ወደ ጎን ዞረው፣ ፊደሉን አሳንሰው፣ በገጹ ዙሪያ እንደ ጥልፍ ሄደዋል። ከታች፣ የገጹ ቁጥር አጠገብ፣ ሌላ ሰው በእርሳስ በደቃቅ ፊደል “እኔ የከፈልኩት በዓሉን ላነብ ነው። እናንተን ላነብ አይደለም” ብሎ ጽፏል። የእርሳሱን ሰው አላወቅኩትም፤ ባውቀው አንድ ወር በነፃ ባስነበብኩት።

ኋላ አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ መምህር ስለ ፍሎቤር ክስ አጫወተኝ። በ1857 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ መንግሥት ደራሲውን በ“ማዳም ቦቫሪ” ሥነ ምግባር አጎደልክ ብሎ ከሶት ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ካቀረበው ቅሬታ አንዱ በመጽሐፉ ውስጥ ያቺን ሴት ሊኮንናት የሚችል አንድም ሰው የለም የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ ፍሎቤርን በነፃ ለቀቀው። ይህን ስሰማ ያ ገጽ ትዝ አለኝ። በዓሉም በመጽሐፉ ውስጥ ኮናኝ አላስቀመጠም፤ ቦታው ክፍት ነበር። ሰማያዊ እስክሪብቶ የያዘው ሰውዬ ያንን ወንበር አይቶ ገብቶ ተቀመጠበት።

ደርግ ወድቆ “ኦሮማይ” እንደገና ታተመ። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ሲወጣ ቅድመ ምርመራ ቀረ። እኔም በዚያው ሰሞን ወደ ጅማ ዞርኩ፤ በግብርና ኮሌጁና በጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ምክንያት ተማሪ የበዛበት ከተማ ነበር፣ ተማሪ ደግሞ ይከራያል እንጂ አይገዛም። ሳንሱር ከሌለ ሰው የፈለገውን ያነባል ብዬ አስቤ ነበር። በእርግጥ መጽሐፉ በዛ። በንጉሡ ዘመን ተጽፎ በእጅ ጽሑፍ ሲዞር የኖረው የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር “ሌቱም አይነጋልኝ” በመጨረሻ ማተሚያ ቤት ገባ፤ የውቤ በረሃን ሴቶች ያለ ይሉኝታ የሚተርክ ነው። የዚያው ደራሲ “ትኩሳት”ም መጣ። ፍቅረ ማርቆስ ደስታ ስለ ሐመር የጻፋቸው “ከቡስካ በስተጀርባ” እና “ኢቫንጋዲ” ተከታትለው ወጡና አንዱን ያነበበ ሁሉ ቀጣዩን ለመያዝ በሬ ላይ ይሰለፍ ጀመር። መንግሥት የለቀቀውን ሥራ ግን አንባቢው ተረክቦ ነበር የጠበቀኝ።

ከስብሐት አንባቢዎቼ አንዱ በከተማው የተከበረ፣ መልካም ሰው ነበር። የስብሐት የሆነ ነገር መጣ ከተባለ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። አንድ ጊዜ “ትኩሳት”ን ሲመልስልኝ ቅጠሉ ከበደኝ። ገልጬ ባይ አንዳንዱ አንቀጽ በጥቁር ቀለም መስመር በመስመር ተደፍኗል፤ በማስመሪያ ነው የደፈነው፣ ጠርዙ እንኳን አልተዛነፈም። ምን ነካህ ብለው “ለታናናሾቻችን ብዬ ነው እትዬ፤ እኔ አንብቤዋለሁ፣ ለእነሱ ግን አይሆንም” አለኝ። በፊቱ ላይ እፍረት የለም፤ እንዲያውም ምስጋና የሚጠብቅ ይመስላል። የመጽሐፉን ዋጋ አስከፈልኩት። ከፈለና የደፈነውን ቅጂ ለወጣቶች እንዳከራይ፣ ንጹሑን ለትልልቆች እንዳስቀምጥ መከረኝ።

የ“ኢቫንጋዲ”ዎቹ ነገር ለየት ይላል። መጽሐፉ ስሙን የወሰደው ከሐመር ወጣቶች የሌሊት ጭፈራ ነው፤ በተከታታዩ ውስጥ ካርለት የምትባል እንግሊዛዊት ተመራማሪ ከአንድ የሐመር ልጅ ጋር ትዋደዳለች። የአሮጌው ዓይነት ተቆጪ “ለከተማ ልጃገረድ ምን ያስተምራል?” ይል ነበር፤ እሱን ለምጄዋለሁ። አዲሶቹ ከኮሌጆቹ የሚመጡ ወጣቶች ነበሩ። እነሱ ደግሞ ሐመርን ለፈረንጅ ትርኢት አደረገው፣ የሰው ባህል መነገጃ ሆነ ይላሉ። እውነቱን ለመናገር በዚህ ቅሬታ ውስጥ ፍሬ አለ፤ እኔም አንዳንድ ቦታ ላይ ሳነብ ቅር ብሎኛል። ደራሲውን ሞግተው ቢጽፉ ተከራይቼ አነብላቸው ነበር። እነሱ ግን ደራሲውን ትተው አንዲት የነርስነት ተማሪ ላይ ተረባረቡ። ልጅቷ በሬ ላይ ቆማ “ቀጣዩ መቼ ነው የሚመጣው?” ብላ ከመጠየቅ በቀር ያጠፋችው የለም። “እንዴት ይህን ትወጃለሽ? አንቺ ለሰው ልጅ ክብር የለሽም?” አሏት። ልጅቷ ሳምንት ጠፍታ መጣችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ በሌላ ሰው ስም እንድመዘግብላት ለመነችኝ። የቁጥሩን ዘዴ ስነግራት ሳቀች። እነዚያ ወጣቶችም ቢሆኑ ተከታታዩን አንድ ሳያስቀሩ አንብበዋል፤ ደብተሬ ምስክር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቡና አንድ ነገር ልበል፤ ጅማ ተቀምጦ ስለ ቡና ሳይናገር የሚጨርስ የለም። ዛሬ ጠዋት ማታ የምንጠጣውን ይህንን ነገር ክርስቲያኑ አማኝ ለረጅም ዘመን እንዳይጠጣ ካህናቱ ይከለክሉት ነበር፤ የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ። ነገሩ የላላው ወደ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ሲጠጡና አቡነ ማቴዎስም ሲፈቅዱ ነው። ይህንን ለዚያ “ትኩሳት”ን ለደፈነው ደንበኛዬ በሁለተኛው ስኒ ላይ ነግሬው ነበር። አዳመጠኝና “ቡና ሌላ፣ መጽሐፍ ሌላ” ብሎ ሦስተኛውን ጠጣ።

የኪራዩ ሥራ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሞተ። የገደለውም ተቆጪ አይደለም፤ ቪዲዮ ቤት ነው። በአንድ ብር ሙሉ የህንድ ፊልም፣ ያውም ዘፈን ያለው፣ ቁጭ ብሎ ማየት እየተቻለ ማን በኩራዝ ያነባል? መጻሕፍቶቼን የቻልኩትን ለትምህርት ቤት ሰጠሁ፤ ኅዳጋቸው የተጻፈባቸውን አንቀበልም ስላሉኝ እነሱ ቤቴ ቀሩ። የጅማ መርካቶ አጠገብ ከተከፈቱት ቪዲዮ ቤቶች የአንዱ ባለቤት ያ ቀለም ቀቢው ደንበኛዬ ነበር። አንድ ቀን በመንገድ ሳልፍ ጠርቶኝ ሻይ ጋበዘኝና ምን ምን ፊልም እንደሚያሳይ አወራኝ። እዚህስ ምን ትደፍናለህ አልኩት። “የህንድ ላይ መሳሳም የለም” አለ፤ ትንሽ አሰበና “የአሜሪካኑን ማታ ነው የማሳየው” ሲል ጨመረ።